ጠዋት አብረን እንጸልያለን፣ ሥራው ግን አይሄድም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ የመጡ ሦስት ደብዳቤዎችን ይዣለሁ። ሦስቱም ስለ ሥራ ቦታ ነው የሚያወሩት። የመጀመሪያው ብዙ ነገር የያዘ ስለሆነ መልሱም ይረዝማል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብረ ብርሃን ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምንሰፋበት ወርክሾፕ አለኝ። ከእኔ ጋር 10 ነን። አንድ ቆራጭ፣ 6 ሰፊዎች፣ አንዲት ኦቨርሎክ (የጨርቁን ጠርዝ እንዳይተረተር የሚዘጋውን ማሽን) የምትሠራ፣ አንዲት ደግሞ ቁልፍና ካውያ ላይ ያለች። ሁላችንም ክርስቲያኖች ነን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠዋት ማሽን ከመነሣቱ በፊት አብረን እንጸልያለን፣ ዳዊትም እናነባለን። ያን ጊዜ ሁሉም ደስ ይላል። ሥራ ሲጀመር ግን ሌላ ሰዎች እንሆናለን። ቆራጩ "ሰፊዎቹ ያበላሻሉ" ይለኛል። ሰፊዎቹ "ቆራጩ ያስቆመናል" ይሉኛል። እርስ በርሳቸው ግን አይነጋገሩም፣ ሁሉም የሚናገረው ለእኔ ነው። ከሰፊዎቹ አንዷ ደግሞ በጣም ታረፍዳለች። ቤቷ ችግር እንዳለ ስለማውቅ ምንም አልላትም፤ የጎደለውን ማታ እኔ ቁጭ ብዬ እጨርሰዋለሁ። ዘንድሮ ትእዛዙን ሳናደርስ ትምህርት ተጀመረ፣ ደንበኛ ተቀየመን። ባለቤቴ "ሁሉንም አሰናብቺና በአዲስ ጀምሪ" ይለኛል። እኔ ደግሞ በሰው ላይ መፍረድ እፈራለሁ። ክርስቲያን የሆነ ሰው ጠንካራ ቡድን የሚገነባው እንዴት ነው?
እህትዎ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማታ ሁሉም ሄዶ አንቺ ብቻሽን ማሽኑ ላይ ቁጭ ብለሽ የሌላ ሰው ሥራ ስትጨርሺ ታየኝና ልቤ አዘነ።

ነገሩን በግልጽ ልንገርሽ። ጸሎታችሁን አታቁሙት። ግን ወርክሾፕሽ ውስጥ የጎደለው ጸሎት አይደለም፣ ፊት ለፊት መነጋገር ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ወንድምህ ቢበድልህ ሂድና አንተና እሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው ይላል። ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ያም ካልሆነ ለቤተ ክርስቲያን ንገር። እኛ ይሄን ቅደም ተከተል ገልብጠን ነው የምንኖረው። መጀመሪያ ለጎረቤት እንነግራለን፣ ቀጥሎ ለአለቃ፣ ባለጉዳዩ ግን ከሁሉም መጨረሻ ነው የሚሰማው፣ እሱም ከሌላ ሰው አፍ። ይሉኝታ ነው፣ ጨዋነት ነው እንላለን። ሐሜት ነው።

ይሄን የምልሽ ከራሴ ስለማውቀው ነው። የዛሬ 20 ዓመት ገደማ በአንድ መሥሪያ ቤት የመጋዘን ኃላፊ ነበርኩ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሰው ቢን ካርድ (የዕቃ መግቢያና መውጫ የሚመዘገብበትን ካርድ) በጊዜው አይሞላም ነበር። ዕቃ ይወጣል፣ ካርዱ ላይ ግን አይጻፍም። ሁለት ዓመት ሙሉ አልነገርኩትም። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ ጎረቤቴ ነው፣ አንድ ማኅበር እንጠጣለን። ለእሱ አልተናገርኩም እንጂ ለሌሎቹ ሠራተኞች ተናግሬያለሁ፣ ለአለቃዬም ተናግሬያለሁ። አንድ ቀን ቆጠራ መጣ፣ ጉድለት ተገኘ፣ ሰውዬው ከደመወዙ ተቆረጠበት። የዚያን ቀን ማታ ቤቴ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ግባ ብለው እንቢ አለ። "በየወሩ ከአንድ ጽዋ ስንጠጣ ኖረን፣ አንድ ቀን እንኳ ይሄን አስተካክል ብትለኝ ምን ነበረበት?" አለኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ዝምታዬን ፍቅር ነው ብዬ ነበር የማስበው። ለካስ ራሴን ከአንድ የሚከብድ ንግግር ማዳኔ ነው፣ ዋጋውን ግን እሱ ከፈለ።

አንቺም ለዚያች ልጅ ዝም ስትያት እያዘንሽላት ይመስልሻል። ግን የምታውቀው ነገር የለም። ማታ እንደምትደክሚ አታውቅም፣ የቀሩት ሰፊዎች ምን እንደሚያወሩባት አታውቅም፣ ባለቤትሽ አሰናብቺ እንዳለሽም አታውቅም። አንድ ቀን ድንገት ብትሰናበት "ምነው ብትነግሪኝ" ነው የምትለው። ስለዚህ ንገሪያት። ሰው ፊት አይደለም፣ በጸሎት ሰዓትም አይደለም። ለብቻዋ፣ በእርጋታ። "ቤትሽ ያለውን ነገር አውቃለሁ፣ አብሬሽ አዝናለሁ። በዚህ ሳምንት ሦስት ቀን አርፍደሻል። የቀረውን ማታ የምሠራው እኔ ነኝ፣ አሁን ደክሞኛል። ምን ብናደርግ ይሻላል?" በያት። ከዚያ ዝም በይና ስሚያት። ምናልባት የታመመ ሰው አላት፣ ምናልባት ልጅ የሚያደርስላት አጥታ ነው። አንድ ሰዓት ዘግይታ ገብታ አንድ ሰዓት ዘግይታ ብትወጣ የሚፈታ ነገር ሊሆን ይችላል። ተስማምታችሁ ካልጠበቀችው ደግሞ ሁለተኛ ትነግሪያታለሽ፣ የምታከብራትን አንዷን ይዘሽ። ይሄ በሰው ላይ መፍረድ አይደለም። መፍረድ ማለት ሳይነግሩ በልብ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው።

አሁን ወደ ቆራጩና ወደ ሰፊዎቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ቶሎ ተቆጥተሽ ከመናገርሽ በፊት እንድታዪ እፈልጋለሁ። መጽሐፈ ነህምያን ከምዕራፍ 2 እስከ 6 አንብቢው። ነህምያ ኢየሩሳሌም ሲደርስ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ተነሥቶ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ አየ። "ኑ እንሥራ" ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ምዕራፍ 3 የስም ዝርዝር ብቻ ስለሚመስል ብዙ ሰው ይዘለዋል። ለእኔ ግን አብሮ መሥራትን እንደሱ የሚያሳይ ምዕራፍ የለም። ማን የትኛውን በር እንደሠራ፣ ማን ከየት እስከ የት እንደጠገነ ተጽፏል። አንዳንዶቹ የያዙት በየቤታቸው አንጻር ያለውን ነው። ካህናት አሉበት፣ ወርቅ አንጥረኛ አለበት፣ ሽቶ ቀማሚ አለበት፣ ከሴቶች ልጆቹ ጋር ሆኖ የሠራም አለበት። የቴቁሐ ታላላቆች አንገታቸውን ዝቅ አድርገው መሥራት እንዳልወደዱ እንኳ ሳይሸፋፈን ተጽፏል። ያ ቅጥር በ52 ቀን አለቀ። ሁሉም ድርሻው የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ያውቅ ነበር።

አንቺም አንድ ቀን ደብተር ይዘሽ ቁጭ በይ። ጨርቁ ከቆራጩ እጅ በስንት ሰዓት ይወጣል? ሰፊዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡት በየትኛው ሰዓት ነው? ምን እየጠበቁ? እንደምገምተው ቆራጩ ጨርቅ ለመቆጠብ ብሎ አንዱን የልብስ ክፍል ቆርጦ ጨርሶ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው፣ ለእሱ ልክ ነው። ሰፊዎቹ ደግሞ እጅጌው ቀድሞ መጥቶ አካሉና ኮሌታው እስኪደርስ ይቆማሉ። እንዲህ ከሆነ እዚያ ቤት ሰነፍ የለም፣ የሥራው አካሄድ ነው የተጣመመው። እጅጌው፣ አካሉና ኮሌታው አብሮ በ20 በ20 ታስሮ ቢሰጣቸው ብዙ ነገር ይቀላል። አንድ ነገር ልጨምር። በደብዳቤሽ ላይ ስለ ኦቨርሎኳ ልጅ ማንም አላማረረም። እኔን ግን ያሳሰበችኝ እሷ ናት። የ6 ሰው ሥራ በአንድ ማሽን ነው የሚያልፈው። ምናልባት ክምሩ ያለው እሷ ጋ ነው፣ እሷም ዝምተኛ ስለሆነች ማንም አላያትም።

ይሄ ከመንፈሳዊ ነገር የወጣ እንዳይመስልሽ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ ማጉረምረም ተነሣ። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ አይሁድ መበለቶቻችን በየቀኑ እርዳታ ላይ ችላ ተባሉ አሉ። ሐዋርያቱ "አታጉረምርሙ፣ ጸልዩ" ብለው አላለፉትም። አሠራሩን ቀየሩት። ሰባት ሰዎች ይመረጡ አሉ፣ ሥራውን በስም ሰጡ። የሰባቱን ስም ተመልከቺ፣ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ እያለ ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታው ከየት እንደመጣ አይተው ኃላፊነቱን ወደዚያ ወገን ነው የሰጡት! እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር ይገርመኛል። ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ "ማን አመፀ?" ነው የምንለው፣ እነሱ ግን "ምን ተበላሸ?" ብለው ነው የጀመሩት።

ስለዚህ ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ ቡና ይፈላና ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ደብተርሽን አውጪ። በዚህ ሳምንት ስንት ታዘዘ፣ ስንት ወጣ፣ የት ቆመ። ሁሉም ይናገር፣ ታናሿም ትናገር። ከዚያ ቀን በኋላ ደግሞ አንድ ደንብ ይኑር። ማንም ስለ ሌላው ሊነግርሽ ሲመጣ "ለእሱ ነግረሽዋል?" ብለሽ ጠይቂ። ካልነገረች "ሂጂ ንገሪው፣ ካልተግባባችሁ ሁለታችሁም ኑ" በያት። መጀመሪያ ቅር ይላቸዋል። ሁለት ሦስት ሳምንት ጨክኚ።

ሁሉንም በራስሽ መሸከሙንም ተዪው። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር ያለውን ታውቂያለሽ፤ አንተም ትደክማለህ፣ ሕዝቡም ይደክማል፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች ሹም አለው። አንቺ ዘንድ አሥር ሰው ነው ያለው፣ ግን የተሰፋውን አይታ የምትቀበል አንዲት፣ ክርና ቁልፍ ሳያልቅ የሚያስታውስ አንድ ሰው በስም ያስፈልግሻል። ማታ ቁጭ ብለሽ የሌላውን አትጨርሺ። የጎደለው ጎድሎ ይታይ።

አንቺ ደግሞ ቀድመሽ የምታጎነብሺበት ሌላ ቦታ አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ አይነገርም፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲጥል ጣት ደንዝዞ መርፌ አይይዝም። አንቺ ቀድመሽ ገብተሽ ከሰል አቀጣጥለሽ (በሩን ክፈቺ እንጂ፣ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል) ሻይ አፍልተሽ ብትጠብቂያቸው ከብዙ ስብከት ይበልጣል። በጸሎተ ሐሙስ አባቶች ዝቅ ብለው የሕዝቡን እግር በወይራና በወይን ቅጠል ሲያጥቡ በየዓመቱ እናያለን። ያ ሥርዓት ለአለቃ ነው የተሠራው፣ ጌታ ራሱ አለቃ ሆኖ ነው ያጠበው።

ሁለት ነገር ልጨምርና ልለፍ። ጸሎቱ ላይ የሥራ ተግሣጽ አታስገቢ። "ጌታ ሆይ፣ የሚያረፍዱትን አንተ አስተካክል" ብሎ ጮኾ መጸለይ ሰውን ማሳፈር ነው። ባለቤትሽም ያለሽ ድካምሽን አይቶ ነውና አትቀየሚው። ግን አዲስ ሰዎች ብታስገቢም ያው ጨርቅ፣ ያው አንድ ኦቨርሎክ፣ ያው ዝምታ ነው የሚጠብቃቸው።

ጥያቄ፦ እኛ በመሐል ሜዳ ተደራጅተን በግ የምናሞክት 5 ወጣቶች ነን። ብድር የወሰድነው በጋራ ነው። አንዱ ጓደኛችን ድርቆሽ ሲታጨድ የለም፣ በረት ሲጠረግ የለም፣ ፋጉሎ ሲጫን የለም። ገበያ ቀን ግን አይቀርም። ትርፍ ሲከፋፈል እኩል ይወስዳል። ልናስወጣው ስንል ሽማግሌዎች "ክርስቲያን አይደላችሁም ወይ? ይቅር በሉት፣ የሰፈር ልጅ ነው" አሉን። ይቅር ማለት እኩል ማካፈል ነው?

መልስ፦ አይደለም። ይቅርታ ሌላ ነው፣ ድርሻ ሌላ ነው። ቂም አትያዙበት፣ ሰላምታ አትንፈጉት፣ ያልሠራበትን ግን አትስጡት። ቅዱስ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ምዕራፍ 3 ላይ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ይላል። ያንኑ ምዕራፍ ወረድ ብላችሁ አንብቡት፤ እንዲህ ያለውን ሰው እንደ ወንድም ገሥጹት እንጂ እንደ ጠላት አትቁጠሩት ይላል። ሁለቱ አብረው ነው የተጻፉት። ሽማግሌዎቹ አንዱን፣ እናንተ አንዱን ይዛችኋል።

እናንተ የመንዝ ልጆች ናችሁ፣ ይሄን ከአባቶቻችሁ ታውቁታላችሁ። ደቦ ሲጠራ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል፣ የመጣው ይመጣል። ወንፈል ግን ይቆጠራል። አንድ ቀን ካረስክልኝ አንድ ቀን አርስልሃለሁ። ካልመጣህ ዕዳ አለብህ፣ ያንን ለመናገር ማንም አያፍርም። የእናንተ ማኅበር ወንፈል ነው፣ ልጁ ግን ደቦ የተጠራ መስሎታል። ጓሳንም አስቡት። ያ የሣር ምድር ለዘመናት የቆየው የአገሩ ሰው በመረጣቸው ጠባቂዎች እየጠበቀ፣ ለዓመታት እየዘጋ፣ ሲከፈት አብሮ እያጨደ ነው። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ያ ሥርዓት ሠርቷል። ሕዝቡ ክርስቲያን ነበር፣ ጎረቤትም ነበር፣ ግን ደንቡን የጣሰውን የሰፈር ልጅ ነው ብሎ አያልፍም ነበር።

አሁን የምታደርጉትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ከአምስታችሁ በጣም የሚቀርበው አንዱ ብቻውን ሄዶ ያናግረው። ለምን እንደማይመጣ ጠይቁት፣ እውነተኛ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ምናልባት የበረቱ ሥራ አይሆንለትም፣ ገበያ ላይ መከራከር ግን ይችልበታል፤ እንዲህ ከሆነ ሽያጩን ይያዝና ለሱ የሚገባው ይታሰብለት። ከዚያ መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጡና የሥራ ቀን የሚመዘገብበት ደብተር ክፈቱ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ትርፉም በቀን ቁጥር ይከፈል። ካለፈው አትጀምሩ፣ ያለፈውን ይቅር በሉት። ከዛሬ ጀምሩ። ከ3 ወር በኋላም ካልተለወጠ በሰላም ተለያዩ፣ የብድሩን ድርሻ ግን በጽሑፍ ጨርሱ፤ ከበጎቹ በፊት ጓደኝነት የሚያፈርሰው ያልተጻፈ ዕዳ ነው።

መለያየት ራሱ ኃጢአት እንዳይመስላችሁ። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ተለያይተዋል። ማርቆስ በጵንፍልያ ትቷቸው ተመልሶ ነበርና ጳውሎስ ዳግም አልወስደውም አለ። ከዓመታት በኋላ ግን ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል አለው። ልጁን ስታሰናብቱት የሚመለስበትን በር አትዝጉ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት በአንድ መጋዘን እሠራለሁ። አለቃችን በጣም መንፈሳዊ ሰው ናቸው፣ እንወዳቸዋለን። ግን መኪና በገባ ቁጥር እሑድም ይጠሩናል፣ ማታም ያስመሹናል። ስለ ክፍያ ስናነሣ "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ለእግዚአብሔር ብላችሁ ሥሩ" ይላሉ። ከመካከላችን ሙስሊሞች አሉ። አንዱ "የእናንተ ክርስትና እንዲህ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?

መልስ፦ "አይደለም" በለው። ነቢዩ ኤርምያስ ምዕራፍ 22 ላይ ባልንጀራውን ያለ ዋጋ ለሚያሠራ ወዮለት ይላል። ያዕቆብም በምዕራፍ 5 የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ ይጮኻል ይላል። ቤተሰብ ነን የሚል ሰው ደግሞ የቤተሰቡን ድካም ሊያይ ይገባዋል።

ሕጉም ግልጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ ነው፣ ከዚያ በኋላ በሌሊት ከሆነ አንድ ከሦስት አራተኛ። በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል እጥፍ ነው።

አለቃችሁን የምትወዱ ከሆነ ለሰው ከማውራታችሁ በፊት ለእሳቸው ንገሯቸው። ከእናንተ ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፣ አንዱ ሙስሊም ወንድማችሁ ይሁን። ያለፈውን ወር ሰዓት ቀን በቀን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ፣ "አባታችን፣ ይሄን ያህል ሠርተናል" ብላችሁ አስረክቡ። እንደምትሉት መንፈሳዊ ሰው ከሆኑ ወረቀቱን ሲያዩ ይደነግጣሉ ብዬ አስባለሁ። ካልሰሙ የከተማችሁ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ አለ። ወረቀቱ ያን ጊዜም ያስፈልጋችኋልና አንድ ቅጂ አስቀሩ።